በሰጠው ቅርንጫፍ የቀና ነጋዴ

አንድ ነጋዴ ባሕር በሌለበት ከተማ ውስጥ ባሕር ነበረው።

ባሕሩ የሚቀመጠው ሳሎኑ ውስጥ ነው። አንድ ረጅም ሶፋ የሚያህል የመስታወት ገንዳ፣ ውስጡ ጨው የተበጠበጠበት ውሃ፣ ድንጋይ፣ ነጭ አሸዋ፣ ጥቂት ቀለማም ዓሦች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዲት ኮራል። ኮራል ለማያውቃት ሰው ድንጋይ ትመስላለች፤ ግን ሕይወት ያላት ፍጥረት ናት። ይቺኛዋ ከታች አጥንቷ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ከላይ ሥጋዋ ለስላሳ፣ ጣቶቿ ረጃጅም፣ የጣቶቿ ጫፍ ወርቅ ውስጥ የተነከረ የሚመስል ነበር። ውሃው ሲንቀሳቀስ ጣቶቿ አብረው ይወዛወዛሉ። ያያት ሰው ዓይኑን መንቀል ያቅተዋል።

ነጋዴው ደምሰው ይባላል። የሚሸጠው የመኪና ጎማ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጥቁር ጎማ ጋር ሲታገል ውሎ ቤቱ ገብቶ ያንን ወርቅ ሲያይ ድካሙ ይለቀዋል። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን ደምሰው ከኮራሏም በላይ የሚወደው ኮራሏን ያየ ሰው የሚሆነውን ማየት ነው። እንግዳ በሩን አልፎ ይገባል፣ የጀመረውን ወሬ ያቋርጣል፣ አፉ ይከፈታል። ያኔ ደምሰው ሱሪውን ከፍ አድርጎ ማስረዳት ይጀምራል። ጨው እንዴት እንደሚመጠን ይናገራል፣ መብራቱን ያሳያል። ስለ ውሃው እንቅስቃሴ ሲደርስ ደግሞ ወሬው ይጣፍጥለታል። ባሕር ቆሞ አያውቅም ይላል። ውሃ ከቆመ ኮራል ትታፈናለች፣ ቆሻሻ ይተኛባታል፣ ምግብ አይደርሳትም። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ሞገድ የሚሠሩ ትንንሽ ፓምፖች አሉ፤ የትኛውን ፓምፕ መርጦ በየት በኩል እንደሚያስቀምጥ የማያውቅ ሰው ኮራል ባይነካ ይሻለዋል። እንዲህ ይላል። ሰፈሩ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም፤ ማንም እንደማያውቅም ያውቃል።

ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ቤት አለ። ባለቤቱ ሸምሱ ይባላል። ከደምሰው በዕድሜ ብዙ የሚያንስ፣ ሳቂታ፣ መጠየቅ የማይሰለቸው ሰው ነው። መኖሪያውም እዚያው ከዳቦ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሸምሱ ኮራሏን አንዴ ካየ በኋላ እግሩ ከደምሰው ሳሎን አልወጣም። ትበላለች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ትተኛለች ወይ ይላል። ዓሦቹን ታውቃቸዋለች ወይ ብሎ ደግሞ ደምሰውን በሳቅ ይገድለዋል። ደምሰው ደስ አለው። ሚስቱም ልጆቹም ስለ ገንዳው መስማት ከሰለቻቸው ቆይቷል፤ አሁን አዲስ ጆሮ መጣለት። በመጨረሻ ሸምሱ እንደ ምንም ብሎ ትንሽ ገንዳ ገዛ። ውሃውን ያዘጋጀለት ደምሰው ነው፤ ድንጋዩን የደረደረለትም ደምሰው ነው።

እንዲህ ዓይነት ገንዳ ያላቸው ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። አዲስ ሰው ሲጀምር የቆየው ሰው ከራሱ ኮራል ቅርንጫፍ ቆርጦ ይሰጠዋል። አይሸጥለትም፣ ይሰጠዋል። ደምሰውም ትንሿን መጋዝ አውጥቶ ከወርቃማዋ ኮራል አንድ ራስ፣ ማለትም አንድ እቅፍ ጣት ብቻ ያላት ቅርንጫፍ ቆረጠ፣ በሳህን ውሃ ይዞ መንገዱን ተሻገረ፣ በገዛ እጁ ሸምሱ ገንዳ ውስጥ ተከላት። ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ ሆንን አለው። ከልቡ ነው ያለው። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ሰው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ቅናት መጥፎ ሰው እየመረጠ የሚገባ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል።

ቅርንጫፏ ሸምሱ ቤት ተስማማት። ራሷ ተከፍሎ ሌላ ራስ አወጣ፣ ያም ተከፈለ፣ ትንሽ ቆይቶ ገንዳውን ልትሞላው ደረሰች። ሸምሱ ገንዳውን ያስቀመጠው በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። ለማሳየት ብሎ አይደለም፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሌላ ቦታ አልነበረውም። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈ ሰው ግን በመስኮቱ ያያታል። ሕፃናት አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ይቆማሉ። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ሂሳብ መሰብሰቡን ትተው አንገታቸውን በመስኮት ያወጡ ጀመር። የደምሰው ሳሎን ደግሞ ወደ ግቢ ነው የሚያየው። ግቢው ግንብ አለው፣ ግንቡ ሽቦ አለው፣ በሩ ላይ ውሻ አለ። የእሱን ባሕር የሚያየው የተጋበዘ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሚስቱ አስካለ ከዳቦ ቤት ተመልሳ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ ምንም ሳታስብ፣ የሸምሱዋ ከእኛዋ አምራለች እኮ አለች። ደምሰው ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገ። ያቺ ቃል ግን ሆዱ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች፤ ከዚያ በኋላ የበላው ሁሉ በእሷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደምሰው ዳቦ ወዳድ ሆነ። የሚላክ ሰው ሞልቶት ዳቦ የሚገዛው ራሱ ነው። ይሰለፋል። ሰልፉ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ይዘገያል፤ ከኋላው ያሉትን እለፉ፣ እለፉ፣ አልቸኩልም ይላቸዋል። ሰው ትሕትናውን አደነቀ። እሱ ግን የኮራሏን ጣት በዓይኑ እየለካ ነው። የኔዋ እንዲህ ትዘረጋለች? አትዘረጋም። የኔዋ ወርቅ እንዲህ ያበራል? ይሄኛው ይበልጣል። ይህን ሒሳብ ሠርቶ፣ ዳቦውን በብብቱ ይዞ፣ ተቃጥሎ ይመለሳል። ቤቱ ዳቦ በዳቦ ሆነ። የትናንቱ ሳይነካ የዛሬው ይመጣል። አስካለ ለጎረቤት አደለች፣ ለዘበኛው ሰጠች፣ የቀረውን ለውሻው ፈተፈተች። ሲመርራት አንድ ቀን በሩ ላይ ጠበቀችው።

"አንተ ሰውዬ፣ የራበህ ዳቦ ነው ወይስ ሌላ ነገር?"

ዳቦው ለስላሳ ስለሆነ ነው አላት። ውሻው እንኳን ጠግቦታል አለችው።

ከዚያ ሊበልጠው ተነሳ። የራሱን ኮራል ከዚህ ድንጋይ አንስቶ እዚያ ያስቀምጣታል። መብራቱን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ፓምፑን ወደ ግራ ያዞራል፣ ሳይቆይ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። እጁ ከውሃው አልወጣ አለ። ኮራል ደግሞ ነገር ሲበዛባት ትኮማተራለች። የእሱዋ በመነካካት ብዛት ስትኮማተር፣ ተረጋግታ እንድትኖር የተተወችው የሸምሱዋ ትፈካለች። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ ምስጢር አልነበረውም። ደምሰው ግን ይህን ማየት አቃተው። የኔን ወርቅ ወሰደብኝ ብሎ ነው ያሰበው። ማን ወሰደበት? በገዛ መጋዙ ቆርጦ፣ በገዛ እጁ ተሸክሞ ወስዶ የሰጠው ነው። ቅናት ክፋቱ ይሄ ነው፤ የሰጠኸውን ነገር የተሰረቅከው አስመስሎ ያሳይሃል።

በዚህ መሃል የሰፈሩ ወጣቶች የሸምሱን ኮራል በስልክ ቀርጸው ኢንተርኔት ላይ ለቀቋት። ቪዲዮው ዞረ። ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ያቺ ዳቦ ቤት ያለችው ወርቅ የት ናት እያለ የሚጠይቅ መጣ። አስካለ ስልኳን ይዛ መጥታ፣ እየው እስኪ፣ ሸምሱ ራሱ እየተናገረ ነው፣ ስትለው ደምሰው እጇን ገፋ አደረገ። የእሱን ቤት ለማየት ስልክ አያስፈልገኝም፣ ማዶ ነው አላት። አላየውም።

ኮራሏ አደገችና ትንሿ ገንዳ ጠበበቻት። ሸምሱ ትልቅ ገንዳ አሠራ። ትልቅ ገንዳን የድሮው ትንሽ ፓምፕ አያንቀሳቅሰውም፤ ሌላ መምረጥ ግድ ሆነበት። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ወደሚያስመጣው ሱቅ ሄደ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣለት። አንደኛው ጥንድ ነው። ሁለቱ ፓምፖች ከገንዳው ግራና ቀኝ ይለጠፉና ተራ በተራ ቀስ እያሉ ይገፋሉ፤ ውሃው ሄዶ ይመለሳል፣ ኮራሏም ትወዛወዛለች። ሁለተኛው አንድ ትልቅ ፓምፕ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ሲለቅ አሸዋ ያነሳል። እሱ የተሠራው ማዕበል በሚሰበርበት ቦታ ለሚኖሩ፣ ለስላሳ ሥጋ ለሌላቸው ጠንካራ ኮራሎች ነው። ሸምሱ ይህን ልዩነት አያውቅም። የቱ ይሻላል ሲለው ሻጩ እንደያዝከው ኮራል ነው አለውና ሌላ ደንበኛ ሊያስተናግድ ዞረ። ሸምሱ እዚያ አልወሰነም። የሁለቱንም ፎቶ በስልኩ አንስቶ ቀጥ ብሎ ደምሰው ጋ መጣ።

ደምሰው ፎቶዎቹን አየ። መልሱን ለማወቅ መነጽር እንኳን አላስፈለገውም። ያቺ ኮራል ሥጋዋ ለስላሳ፣ ከሥሩ ያለው አጥንቷ ጠርዙ ስለታም ነው። ኃይለኛ ውሃ ፊት ለፊት ከመታት ሥጋዋ በገዛ አጥንቷ ላይ እየተጫነ ይቀደዳል። ደምሰው ይህን ስንት እንግዳ አስቀምጦ አስተምሯል። ጥንዱን ውሰድ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

ሸምሱ ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አይችልም። እያወራ ነበር። አዲሱ ገንዳ ቶሎ መድረስ እንዳለበት ነገረው። ለምን? እዚህ አስፋልቱ ጋ ያለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ተማሪዎቿን አሰልፋ ኮራሏን ልታሳያቸው ትመጣለች። የባሕር ትምህርት ላይ ደርሰው ነው፤ ባሕር የት አባታቸው አይተው ያውቃሉ፣ እኔ ጋ ሊያዩ ነው እያለ ሸምሱ ሳቀ።

ደምሰውን በሕይወቱ አንድም አስተማሪ ሳሎኑን ልይ ብላው አታውቅም። ምላሱ ላይ የነበረውን ቃል ዋጠው።

"ኃይለኛውን ውሰድ" አለ።

"አይበዛባትም ጋሼ?"

"ባሕር ውስጥ ማን ይቀንስላታል?"

ሸምሱ ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነዋ። ባሕር ውስጥ ማን ይቀንስላታል? እንዲህ ያለው ውሸት ነው አደገኛው፤ አጥፊ ነገር ውስጡ ደብቆ ከላይ እውነት ይለብሳል። ባሕር ኃይለኛ መሆኑ ሐቅ ነው። ግን ያቺ ዓይነቷ ኮራል ባሕር ውስጥ የምትኖረው በድንጋይ ተከልላ፣ ሞገዱ ደክሞ በሚደርስበት ቦታ ነው። ደምሰው ይህቺን ግማሽ ለራሱ አስቀራት።

እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ አንድ ነገር ነው። አላቆመም። ፓምፑን ፊት ለፊቷ አድርገው አለው። ፍጥነቱን አትቀንስ አለው። ከዚያ ሸምሱ ሊነሳ ሲል እጁን ይዞ ሌላ ምክር ጨመረለት። መጀመሪያ ላይ ትኮማተራለች፣ አትደንግጥ፣ እየለመደች ነው አለው። ከሁሉም የከፋው ይኼኛው ነው። በፊተኛው ምክር የተሳሳተ ዕቃ ነበር የሰጠው፤ በኋለኛው ግን ሰውየው አደጋውን ዓይኑ እያየ እንዳያምን አደረገው።

ሸምሱ ትከሻውን ሳመው። አላህ ይስጥልኝ ጋሼ ብሎ ሄደ።

ፓምፑ ገባ። ደምሰው በማግስቱ ዳቦ ሊገዛ ሲሰለፍ አሸዋው ከአንዱ ጥግ ተጠርጎ ሌላው ጥግ ተቆልሎ አየ። ዓሦቹ ድንጋይ ሥር ተወሽቀዋል። ኮራሏ ጣቶቿ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ተኝተዋል፣ ነፋስ የያዘው ፀጉር ይመስላሉ። አትወዛወዝም፤ ተጨፍልቃ ትንቀጠቀጣለች እንጂ። ደምሰው ዳቦውን ገዝቶ ቤቱ ገባና ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳቦው በላ። ጣፈጠው። አስካለ ገርሟት አየችው።

ከዚያ ሸምሱን መጠበቅ ጀመረ። ሮጦ መምጣቱ አይቀርም ብሎ ነበር። ጋሼ እየሞተችብኝ ነው ሲለው የሚመልስለትን አዘጋጅቷል፤ ውሃህ ነው ይለዋል፣ ጨውህን አበዛኸው ይለዋል፣ እኔ ኮራል ቀላል ነው አላልኩህም ይለዋል። ሸምሱ ግን አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያገኘው እንደ ድሮው ይስቃል፣ እየለመደች ነው ጋሼ ይላል። እንዲህ ሲለው ደምሰው ፈገግ ማለት አቅቶት መንገዱን ይቀጥላል። ሰው ቢከስህ መከላከያ አለህ። የሚያምንህን ሰው በምን ትከላከለዋለህ?

አስተማሪዋ በተባለው ቀን ተማሪዎቿን አሰልፋ መጣች። ደምሰው ሰልፉ ላይ ነበር። ከኮራሏ አብዛኛው ራስ በዚያን ጊዜ ነጭ አጥንት ሆኗል፤ ከጥጓ አንዲት ራስ ብቻ ጥቂት ሥጋ ቀርቷታል። ልጆቹ እየተገፋፉ መስኮቱ ላይ ተለጠፉ። ከመሃላቸው አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ዞር ብላ አስተማሪዋን ጠየቀች።

"ቲቸር፣ ደምሰው የታለች?"

ደምሰው የተጠራ መስሎት አቤት ሊል ነበር። ልጅቷ ግን እሱን አታየውም፤ ጣቷ ገንዳው ላይ ነው። አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ ታማለች መሰለኝ አለቻት። ደምሰው አጠገቡ የተሰለፈችውን ሴትዮ ልጅቷ ማንን ነው የምትለው ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋ እሱን በመልክ አታውቀውም። ኮራሏን ነዋ አለችው። ስሟ እኮ ደምሰው ነው፤ ቪዲዮውን አላየኸውም እንዴ፣ አገር ያየውን።

ዳቦ ሳይገዛ ከሰልፉ ወጣ። ቤቱ ሲገባ አስካለን ስልክሽን አምጪ አላት። ቪዲዮውን ከፈተችለት። ሸምሱ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ገንዳው አጠገብ ቆሟል። ወጣቶቹ ይቺን ወርቅ ከየት አመጣሃት ይሉታል። ይቺ የኔ አይደለችም ይላል ሸምሱ፤ የጋሽ ደምሰው ናት፣ ማዶ ያሉት ባለ ጎማው፣ እኔ ጋ በአደራ ነው ያለችው፤ ስሟንም ደምሰው ብያታለሁ፣ ማን እንደሰጠኝ እንዳልረሳ። እናቷ እሳቸው ቤት ናት፣ ከዚህችም ትበልጣለች ይላል። ወጣቶቹ እንግዲያው እሱንም እንቅረጸው ሲሉት ደግሞ እጁን ያወናጭፋል። ተዉአቸው፣ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ አታስቸግሯቸው ይላል።

ደምሰው ቪዲዮውን ደግሞ አየው። ያ ሁሉ ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ሲያደንቅ የከረመው የእሱን ስም እየጠራ ነው። ያ ሁሉ ዳቦ፣ ያ ሁሉ ቅናት በራሱ ስም ላይ ነበር። አስካለ ምን ሆንክ አለችው። እሱ ሸበጡን እንዳደረገ መንገዱን ተሻገረ።

ሸምሱን አልጠየቀም፣ ሰላምም አላለ። ገብቶ የፓምፑን ሶኬት ነቀለ። ውሃው ተረጋጋ፣ አሸዋው ቀስ ብሎ ወረደ። በጥጓ የነበረችው የመጨረሻ ራስ ከተረፈ ሥጋዋ ጋር ከአጥንቷ ተላቅቃ ተንሳፈፈች። ለካ ይዟት የነበረው ያው የሚጫናት ውሃ ነው።

ሸምሱ ነው ቀድሞ የተናገረው። ይቅርታ ጠየቀው። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ የሰጡኝን አደራ አበላሸሁት፣ እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፣ ሳይገባኝ ነው እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት አለው። ደምሰው ይህን ሰምቶ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። ማንም አያውቅበትም። እንዲያውም እንዳሰበው፣ ሰፈሩ ውስጥ ወርቅ ያላት ገንዳ የእሱ ብቻ ልትሆን ነው። ይህን ሁሉ ሸምሱ ፊት ቆሞ አሰበው።

"ጥንዱን ማለት ነበረብኝ" አለ። "አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው ኃይለኛውን ያልኩህ።"

ሸምሱ አልገባውም። ደምሰው ደግሞ ነገረው፤ አስተማሪዋ ልትመጣ ነው ስትለኝ አንጀቴ አረረ፣ ከዚያ በፊትም ሲያርር ነው የከረመው አለው። ከሸምሱ ፊት የማይለየው ያ ሳቅ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ጠፋ። ቁጭ አለ።

"የፓምፑ ሻጭ ዳቦ ሊገዛ መጥቶ አይቷት ነበር" አለ። "ይሄን ነገር አሁኑኑ አጥፋው፣ እየገደላት ነው አለኝ። አንተ ከጋሽ ደምሰው ታውቃለህ ወይ ብዬ አባረርኩት።"

ለደምሰው ቢመታው ይሻለው ነበር። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ሸምሱ ግን ተነስቶ ደንበኞቹ ይጠብቁኛል ብሎ ወደ ዳቦው ሄደ።

ደምሰው ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ዳቦ ሊገዛ አልሄደም። የራሱን ኮራልም መነካካቱን ተወ፤ ጣቶቿን መልሳ ዘረጋች። አንድ እሑድ መጋዟን አውጥቶ ከእናትየዋ ቅርንጫፍ ቆረጠ። እንደ ፊቱ አንድ ራስ ያላት አይደለችም፤ ከሁሉም የሚያምረውን ወገን ነው የቆረጠው። አስካለ አይታ ሳህኑን አቀበለችው። መንገዱን ተሻግሮ የሸምሱን በር አንኳኳ፤ ድሮ ሳያንኳኳ ነበር የሚገባው።

ሸምሱ ሳህኑን አየ፣ ደምሰውን አየ። በሁለት እጁ ተቀበለው።

"ቅርንጫፏን እቀበላለሁ ጋሼ" አለው። "ፓምፑን ግን ከእንግዲህ ራሴ እመርጣለሁ።"

እንዳለውም ራሱ መረጠ። ሱቁ ሄዶ ሻጩን አስቀምጦ አስረዳኝ አለው፣ ሲገባው ጥንዱን ገዝቶ ተመለሰ። ቅርንጫፏ ዳነች፣ አደገች። ሰላምታቸው አልተቋረጠም። በዒድ ከሸምሱ ቤት ለደምሰው ይላካል፣ በፋሲካ ከደምሰው ቤት ለሸምሱ ይላካል። ሸምሱ አሁንም ይስቃል። ደምሰው ግን ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ የበሩን ድምፅ ይጠብቃል። ትተኛለች ወይ ብሎ የሚጠይቀውን፣ ዓሦቹን ታውቃቸዋለች ወይ ብሎ በሳቅ የሚገድለውን ሰው ይጠብቃል። ሸምሱ ሁሉንም ነገር ያወራዋል፤ ስለ ኮራል ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ጥያቄ ጠይቆት አያውቅም።

ይህን ታሪክ ያነበባችሁ ሰዎች አንድ ነገር ያዙ። ሰው ሊገዛው፣ ሊጀምረው ወይም ሊገባበት ባለው ነገር ላይ ምክር ሲጠይቅህ ዓይኑን አውልቆ ነው የሚሰጥህ። ለዚያች ደቂቃ የሚያየው በአንተ ዓይን ነው። በዚያች ደቂቃ ብትቀናበት የምታጠፋበት የያዘውን ዕቃ ብቻ አይደለም። ዕቃው ይተካል፣ ቅርንጫፉም መልሶ ይበቅላል፤ ያ ሰው ግን ዓይኑን መልሶ ይወስዳል፣ ሁለተኛም አይሰጥህም። ደግሞም የምትቀናበት ሰው ስላንተ ምን ሲል እንደሚውል አታውቅም። ምናልባት አንተ በሌለህበት ስምህን በጥሩ የሚያነሳው እሱ ብቻ ይሆናል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። በቅርቡ አንድ ሰው የትኛው ይሻለኛል ብሎ ጠይቋችሁ ከነበረ፣ የመለሰለት እውቀታችሁ ነው ወይስ ቅናታችሁ? እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሰውየው ጋ ሂዱና እውነቱን ንገሩት። ምናልባት ሶኬቱ ዛሬም እንደተሰካ ይሆናል።